ስለ 4,294,967,297 ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ጀምረው ወደ ከባዱ ይሄዳሉ፤ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥሩ እንዴት ይነበባል?

«አራት ቢሊዮን ሁለት መቶ ዘጠና አራት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት» ተብሎ ይነበባል፤ አሥር አሃዞች አሉት። በግዕዝ አኃዝ ሲጻፍ ፵፪፼፺፬፻፺፮፼፸፪፻፺፯ ይሆናል፤ የግዕዙ አጻጻፍ ቁጥሩን ከቀኝ ወደ ግራ ሁለት ሁለት አሃዝ እየከፈለ በመካከላቸው ፻ን እና ፼ን በየተራ ስለሚያስገባ፣ 42፣ 94፣ 96፣ 72 እና 97 የሚሉት አምስቱ ጥንዶች ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

ከየት የመጣ ቁጥር ነው? ከአጠገቡ ካሉት ቁጥሮችስ በምን ይለያል?

ሠላሳ ሁለት 2ዎችን ደርድረን እርስ በርስ ብናባዛቸው 4,294,967,296 እናገኛለን፤ በዚህ ላይ 1 ሲደመር የእኛ ቁጥር ይወጣል። በአጭሩ 2³² + 1 ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩን ታዋቂ ያደረገው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ የኖረው የሕግ ባለሙያና የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ ነው። ፌርማ የ2 አርቢ በየደረጃው እጥፍ እየሆነ የሚሄድባቸውን ቁጥሮች ይመረምር ነበር፤ እነሱም 2 + 1 = 3፣ 2² + 1 = 5፣ 2⁴ + 1 = 17፣ 2⁸ + 1 = 257፣ 2¹⁶ + 1 = 65,537፣ ከዚያም 2³² + 1 = 4,294,967,297 እያሉ ይቀጥላሉ። እነዚህ ዛሬ የፌርማ ቁጥሮች ይባላሉ። አቆጣጠራቸው ከዜሮ ስለሚጀምር የእኛው ቁጥር በተራ ስድስተኛ ቢሆንም «አምስተኛው የፌርማ ቁጥር» ነው የሚባለው፤ ይህ ብዙ አንባቢዎችን ስለሚያደናግር አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል።

አርቢው ለምን እጥፍ እየሆነ ብቻ እንደሚሄድ የሚጠይቁም አሉ። አርቢው ከ1 የሚበልጥ ኢተጋማሽ አካፋይ ካለው ቁጥሩ ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር፣ ሊሆን ከቶ አይችልም። ለምሳሌ 12 በ3 ስለሚካፈል 2¹² + 1 = 4,097 በ2⁴ + 1፣ ማለትም በ17 ይካፈላል፤ 17 × 241 ነው። ስለዚህ በዚህ መልክ ብቸኛ ቁጥር የሚፈልግ ሰው አርቢዎቹን 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያለ ከመመርመር ውጭ አማራጭ የለውም።

ብቸኛ ቁጥር ነው?

አይደለም። ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ሙሉ ቁጥር ነው፤ 4,294,967,297 ግን 641 × 6,700,417 ነው። ማባዛቱን በእጅ ማረጋገጥ ይቻላል፦ 6,700,417 በ600 ሲባዛ 4,020,250,200፣ በ40 ሲባዛ 268,016,680፣ በ1 ሲባዛ ያው 6,700,417 ይሆናል፤ ሦስቱ ሲደመሩ ደግሞ 4,294,967,297 ይሰጣሉ።

ሁለቱም አካፋዮች ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩ ከዚህ በላይ አይበተንም፤ በብቸኛ ቁጥሮች ብዜት የሚገለጽበት መንገድም ይህ አንድ ብቻ ነው።

በትንንሽ ቁጥሮች ይካፈላል?

በአንዳቸውም አይካፈልም። የመጨረሻው አሃዝ 7 ስለሆነ 2 እና 5 ከወዲሁ ይወድቃሉ። የአሃዞቹ ድምር 59 ነው፤ 59 በ3 ስለማይካፈል ቁጥሩም በ3 አይካፈልም፣ በ9ማ ጭራሹን። በ7 ሲካፈል 5፣ በ11 ሲካፈልም 5፣ በ13 ሲካፈል ደግሞ 10 ይቀራል። ትንሹ ብቸኛ አካፋዩ 641 ነው፤ ከ2 ጀምረን ብቸኛ ቁጥሮችን በቅደም ተከተል ብንቆጥር 641 የሚገኘው በ116ኛው ቦታ ላይ ነው። እንግዲህ ምንም ብልሃት ሳይጠቀም በየተራው እያካፈለ የሚሞክር ሰው 115 ጊዜ ከከሸፈ በኋላ በ116ኛው ሙከራ ይሳካለታል ማለት ነው።

ስንት አካፋዮች አሉት? ድምራቸውስ ስንት ነው?

አካፋዮቹ አራት ናቸው፤ 1፣ 641፣ 6,700,417 እና ራሱ 4,294,967,297። የአራቱ ድምር 4,301,668,356 ነው። ቁጥሩን ራሱን ትተን የቀሩትን ሦስቱን ብንደምር 6,701,059 ብቻ እናገኛለን፤ አካፋዮቹ ተደምረው እሱን ራሱን ከሚሰጡት እንደ 6 እና 28 ካሉት ቁጥሮች እጅግ የራቀ ነው።

ከእሱ በታች ካሉት መቁጠሪያ ቁጥሮች መካከል ከእሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስንት እንደሆኑም ይጠየቃል። መልሱ 640 × 6,700,416፣ ማለትም 4,288,266,240 ነው። ከ1,000 ቁጥሮች 998 ያህሉ ማለት ነው፤ በዘፈቀደ የተመረጠ ቁጥር የዚህን ቁጥር አካፋይ የመግለጥ ዕድሉ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ምንድን ነው?

በ32 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሚገባባቸው 32 ቦታዎች፣ የሚሠራ የኮምፒውተር ቋት አሉታዊ ቁጥሮችን ካላስተናገደ ከ0 እስከ 4,294,967,295 ያሉትን ይይዛል፤ በጠቅላላው 4,294,967,296 የተለያዩ ዋጋዎች መሆናቸው ነው። የድሮው፣ ማለትም አራተኛው የኢንተርኔት አድራሻ አሰጣጥ ሊያቀርባቸው የሚችላቸው አድራሻዎች ብዛትም ይኸው 2³² ነው። የእኛ ቁጥር ከዋጋዎቹ ብዛት በ1፣ ከትልቁ ዋጋ ደግሞ በ2 ስለሚበልጥ በ32 ቢት ውስጥ አይገባም። የፕሮግራም ጸሐፊ በእንዲህ ያለ ቋት ላይ 65,536ን በራሱ አባዝቶ 1 ቢጨምርበት መልሱ 1 ሆኖ ይወጣል። መሣሪያው ስላልተበላሸ መደናገጥ አያስፈልግም፤ ከ32ኛው ቦታ ያለፈው አሃዝ ተቆርጦ በመቅረቱ ነው፤ ባለ 64 ቢት የቁጥር ዓይነት ሲመረጥ ችግሩ ይወገዳል።

በሁለትዮሽ አጻጻፍ ቁጥሩ መልከ መልካም ነው፦ መጀመሪያ ላይ 1፣ መካከል ላይ 31 ዜሮዎች፣ መጨረሻ ላይ 1። ከግራም ሆነ ከቀኝ ቢነበብ አይለወጥም።

ፌርማ ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ ያመነው ለምንድን ነው?

ከእሱ በፊት ያሉት አምስቱ፣ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537፣ ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች ስለሆኑ ነው። ፌርማ በ1640 ለሒሳብ ወዳጁ ለፍሬኒክል በጻፈው ደብዳቤ ቁጥሮቹን ዘርዝሮ ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው ብሎ እንደሚያምን ገልጿል፤ የተሟላ ማረጋገጫ እንደሌለው ግን አልሸሸገም። ስለዚህ «ፌርማ አረጋገጥሁ ብሎ ተሳሳተ» እየተባለ የሚነገረው የደብዳቤውን ቃል አይወክልም፤ ያቀረበው ግምት ነበር፣ በግምትነቱም መታወስ አለበት።

የሚያስቆጨው ሌላ ነው። በዚያው ዓመት ፌርማ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ትንሹን ቲዎረም ለዚሁ ሰው ጽፎለት ነበር፤ ቀጥሎ እንደምናየው ይህ ቲዎረም ብቻውን በጥቂት የማካፈል ሙከራዎች 641 ላይ ለማድረስ ይበቃል። መሣሪያው በእጁ ነበር። በስሌቱ መካከል ስህተት ሠርቶ 641ን አልፎት እንደሆነ፣ ወይም እስከዚያ ሳይደርስ ሙከራውን ትቶት እንደሆነ ግን የተረፉት ጽሑፎች አይናገሩም።

641ን ማን አገኘው? እንዴትስ ደረሰበት?

ያገኘው ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሌዎንሃርድ ኦይለር ነው። የፌርማን ግምት ያስተዋወቀው ክርስቲያን ጎልድባክ በ1729 በላከለት ደብዳቤ ሲሆን፣ ኦይለር በ1732፣ በ25 ዓመቱ፣ ቁጥሩ በ641 እንደሚካፈል አሳወቀ። መንገዱን በዝርዝር ያብራራው ግን ዘግይቶ ነው።

የመንገዱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። አንድ ብቸኛ ቁጥር 2³² + 1ን ያካፍላል እንበል። ይህ ከሆነ 2³² በዚያ ቁጥር ሲካፈል የሚቀረው ከአካፋዩ በ1 ያነሰ ቁጥር ነው፤ ይህም ልክ −1 እንደ መቅረት ስለሆነ፣ በራሱ ሲባዛ፣ ማለትም 2⁶⁴ ላይ ሲደረስ፣ ቀሪው 1 ይሆናል። የ2 ርቢዎች ቀሪዎች እንግዲህ በየ64 እርምጃ ወደ 1 ይመለሳሉ፤ 32ኛው እርምጃ ላይ ቀሪው 1 ስላልነበረ ደግሞ ዙሩ ከ64 አያንስም። በሌላ በኩል የፌርማ ትንሹ ቲዎረም ቀሪዎቹ ከብቸኛው ቁጥር 1 በተቀነሰበት እርምጃ ላይ የግድ ወደ 1 እንደሚመለሱ ይነግረናል። ሁለቱ የሚጣጣሙት አካፋዩ 1 ሲቀነስበት በ64 የሚካፈል ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ መሞከር ያለባቸው 65፣ 129፣ 193፣ 257 እያሉ በ64 የሚጨምሩት ቁጥሮች ናቸው፤ ከእነሱም ብቸኛ የሆኑት።

እስከ 641 ድረስ እንዲህ ያሉት አምስት ብቻ ናቸው፤ ሙከራቸውም በአንድ ገጽ ያልቃል። ቁጥራችን በ193 ሲካፈል 109 ይቀራል፤ በ257 ሲካፈል 2፤ በ449 ሲካፈል 325፤ በ577 ሲካፈል 288፤ በ641 ሲካፈል 0። ትልቁን ቁጥር እንዳለ ማካፈል እንኳ አያስፈልግም። 65,536 በ641 ሲካፈል 154 ይቀራል፤ 154 በራሱ ሲባዛ 23,716 ነው፤ ይህ በ641 ሲካፈል 640 ይቀራል፤ 1 ሲጨመርበት 641 ሞላ። በ1878 ኤዱዋር ሉካስ አካፋዩ 1 ሲቀነስበት በ64 ብቻ ሳይሆን በ128 ጭምር መካፈል እንዳለበት አሳይቷል፤ በዚህ መስፈርት እስከ 641 የሚቀሩት 257 እና 641 ብቻ ናቸው።

ሳላካፍል 641 አካፋዩ መሆኑን ማረጋገጥ እችላለሁ?

ይችላሉ፤ በቁጥር ጥናት ውስጥ ካሉት አጫጭር ማረጋገጫዎች እጅግ ከሚያምሩት አንዱም ይኸው ነው። 641 በሁለት መንገድ ይጻፋል፦ በአንድ በኩል 5 × 2⁷ + 1 ነው፣ ምክንያቱም 5 × 128 = 640፤ በሌላ በኩል 5⁴ + 2⁴ ነው፣ ምክንያቱም 625 + 16 = 641።

ማንኛውም ቁጥር በ4 አርቢ ረብቶ 1 ሲቀነስ፣ ውጤቱ በዚያው ቁጥር ላይ 1 ተጨምሮ በሚገኘው ይካፈላል። ስለዚህ 640⁴ − 1፣ ማለትም 5⁴ × 2²⁸ − 1፣ በ641 ይካፈላል። ከሁለተኛው አጻጻፍ ደግሞ 641 × 2²⁸ = 5⁴ × 2²⁸ + 2³² እናገኛለን፤ ይህም በ641 እንደሚካፈል ግልጽ ነው። በ641 የሚካፈሉ ሁለት ቁጥሮች ልዩነትም በ641 ይካፈላል። ሁለተኛው ላይ አንደኛውን ብንቀንስ 5⁴ × 2²⁸ የሚለው ይጠፋና የሚቀረው 2³² + 1 ነው።

6,700,417 ብቸኛ ቁጥር መሆኑ በምን ይታወቃል?

ብቸኛ ባይሆን ኖሮ ከ2,588 የማይበልጥ ብቸኛ አካፋይ ይኖረው ነበር፤ 2,589 በራሱ ሲባዛ ከ6,700,417 ይበልጣልና። የእሱ አካፋይ የእኛም ቁጥር አካፋይ ስለሆነ በሉካስ መስፈርት 1 ሲቀነስበት በ128 መካፈል አለበት። እስከ 2,588 ድረስ ይህን የሚያሟሉት ብቸኛ ቁጥሮች 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ናቸው፤ 6,700,417 በእነዚህ ሲካፈል በቅደም ተከተል 170፣ 44፣ 120፣ 334 እና 622 ይቀራል። አንዱም ዜሮ አልሆነም፤ ጉዳዩ በአምስት ማካፈል ተዘጋ።

ካሬዎችን በመቀናነስ አካፋይ የሚፈልገው የፌርማ ዘዴ እዚህ ላይ ለምን አይረዳም?

ዘዴው አንድን ኢተጋማሽ ቁጥር የሁለት ካሬዎች ልዩነት አድርጎ መጻፍ ነው፤ ልዩነቱ ወዲያው ወደ ድምርና ልዩነት ብዜት ይለወጣል። የእኛን ቁጥር የሚበትነው አጻጻፍ 3,350,529² − 3,349,888² ነው፤ የሁለቱ ድምር 6,700,417፣ ልዩነታቸው 641።

ፍለጋው የሚጀምረው ግን ከቁጥሩ ስኩዌር ሩት ቀጥሎ ካለው፣ ማለትም ከ65,537 ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ 3,350,529 ለመድረስ ከ3.28 ሚሊዮን በላይ እርምጃዎች ያስፈልጋሉ። ዘዴው ፈጣን የሚሆነው ሁለቱ አካፋዮች በመጠን ሲቀራረቡ ነው፤ እዚህ ግን አንደኛው የሌላውን ከ10,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በእጅ ለሚሠራ ሰው ይህ መንገድ ዝግ ነው ማለት ይቻላል።

የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ድምር ሊሆን ይችላል?

አይችልም። ኢተጋማሽ ስለሆነ ከሁለቱ አንዱ የግድ 2 መሆን አለበት፤ ሌላው ደግሞ በ5 የሚያልቀው 4,294,967,295 ይሆናል፤ ይህ ብቸኛ አይደለም።

የሁለት ካሬዎች ድምር ነው ይባላል፤ በስንት መንገድ?

በሁለት መንገድ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ከትርጉሙ የሚወጣው 65,536² + 1² ነው። ሁለተኛው 62,264² + 20,449² ነው፤ የመጀመሪያው ካሬ 3,876,805,696፣ ሁለተኛው 418,161,601 ሲሆን ድምራቸው የእኛው ቁጥር ነው። የሚያስደንቀው 20,449 ራሱ 143² መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ 62,264² + 143⁴ ተብሎም ሊጻፍ ይችላል።

ይህ ጌጥ ብቻ አይደለም። አንድ ብቸኛ ቁጥር የሁለት ካሬዎች ድምር ሆኖ የሚጻፈው ከአንድ በማይበልጥ መንገድ ስለሆነ፣ ሁለተኛው አጻጻፍ መገኘቱ ብቻውን ቁጥሩ ብቸኛ እንዳልሆነ ያረጋግጣል። ኦይለር ከዚህ አልፎ ሁለቱን አጻጻፎች አካፋይ ማግኛ አድርጓቸዋል፤ ስሌቱን እዚህ ላይ በዝርዝር ማየት ተገቢ ነው። ከ65,536 ላይ 62,264 ሲቀነስ 3,272፣ ከ20,449 ላይ 1 ሲቀነስ 20,448 ይሆናል፤ የሁለቱ ትልቁ የጋራ አካፋይ 8 ነው። አሁን ደግሞ እንደምር፦ 65,536 እና 62,264 ሲደመሩ 127,800፣ 20,449 እና 1 ሲደመሩ 20,450 ነው፤ የእነዚህ ትልቁ የጋራ አካፋይ 50 ነው። የ8 ግማሽ 4፣ የ50 ግማሽ 25 ነው፤ 4² + 25² = 16 + 625 = 641። ቀሪው አካፋይም በዚሁ ስሌት ውስጥ አለ፤ 3,272 ለ8 ሲካፈል 409፣ 20,448 ለ8 ሲካፈል 2,556 ስለሆነ 409² + 2,556² = 6,700,417። ይህን በወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ሠርቶ ማየት የቁጥሩን ታሪክ አሥር ጊዜ ከማንበብ የበለጠ ይሰጣል።

በማስመሪያና በኮምፓስ ከሚሣሉ ጎነ ብዙዎች ጋር ያለው ግንኙነት ምንድን ነው?

ጎኖቹም ማዕዘኖቹም እኩል የሆኑ ጎነ ብዙ ምስሎችን ምልክት በሌለው ማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ መሣል ከጥንት ጀምሮ የነበረ ጥያቄ ነው። በ1796 ገና 18 ዓመቱ የነበረው ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ ባለ 17 ጎኑ ምስል በዚህ መንገድ እንደሚሣል አረጋገጠ፤ በ1801 ባሳተመው ሥራውም የፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች ለዚህ ቁልፍ መሆናቸውን አሳየ። የተገላቢጦሹን፣ ማለትም ከእነሱ ውጭ ሌላ መንገድ እንደሌለ፣ በ1837 ያረጋገጠው ፒየር ቫንትዜል ነው። ጎኖቹ ኢተጋማሽ ከሆኑ ምስሉ የሚሣለው የጎኖቹ ብዛት የተለያዩ የፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ሲሆን ብቻ ነው። 4,294,967,297 እንዲህ ያለ ብዜት ስላልሆነ ይህን ያህል ጎን ያለው ምስል በማስመሪያና በኮምፓስ ሊሣል አይችልም።

ከእሱ በ2 የሚያንሰው ቁጥር ግን ይሣላል! 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 ልክ 4,294,967,295 ነው። ይህ ያጋጣሚ ነገር አይደለም፤ በየትኛውም ደረጃ እስከዚያ ያሉት የፌርማ ቁጥሮች ሁሉ ሲባዙ ከተከታዩ 2 ብቻ ያንሳሉ፤ 3 × 5 = 15 ከ17 በ2 እንደሚያንስ ሁሉ። ከአምስቱ በቀር ሌላ የፌርማ ብቸኛ ቁጥር ስላልተገኘም፣ በዚህ መንገድ እንደሚሣሉ ከታወቁት ኢተጋማሽ ጎኖች ካሏቸው ምስሎች ውስጥ ባለ 4,294,967,295 ጎኑ ትልቁ ነው። ከዚሁ እኩልነት ሌላም ነገር ይወጣል፦ ሁለት የፌርማ ቁጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ ቢኖራቸው ያ አካፋይ 2ንም ማካፈል ይኖርበታል፣ ቁጥሮቹ ግን ኢተጋማሽ ናቸው። 257 የእኛን ቁጥር እንደማያካፍል ሳንሞክረውም ልናውቅ የምንችለው በዚህ ነው።

በ2 የተፈተነ ብቸኛነቱ «አለፈ» የሚሉ አሉ፤ ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?

የፌርማ ትንሹ ቲዎረም አንድ ቁጥር ብቸኛ ከሆነ ሊያሟላው የሚገባውን ይናገራል፤ ያሟላ ሁሉ ብቸኛ ነው ግን አይልም። ፈተናው 2ን ከቁጥሩ 1 ተቀንሶ በሚገኘው አርቢ አርብቶ፣ በቁጥሩ ሲካፈል ቀሪው 1 መሆኑን ማየት ነው። በእኛ ቁጥር ላይ አርቢው 2³² ራሱ ነው። የ2 ርቢዎች ቀሪ በ64 እርምጃ ወደ 1 ስለሚመለስና 2³² በ64 ስለሚካፈል፣ ቀሪው የግድ 1 ይሆናል። እንደ እውነቱ ከሆነ ማንኛውም የፌርማ ቁጥር፣ ብቸኛም ይሁን አይሁን፣ በ2 ሲፈተን ያልፋል፤ ስለዚህ ለእነዚህ ቁጥሮች 2 ምንም የማይለይ ፈታኝ ነው።

3 ግን ይለያል። በ1877 ቴዎፊል ፔፓን ባቀረበው ፈተና መሠረት የእኛ ቁጥር ብቸኛ ቢሆን ኖሮ 3 በ2³¹ አርቢ ሲረባ ቀሪው −1፣ ማለትም 4,294,967,296 መሆን ነበረበት። ስሌቱ የሚሰጠው 10,324,303 ነው። ይህ አንድ ጊዜ በራሱ ሲባዛና በቁጥራችን ሲካፈል 3,029,026,160 ይቀራል፤ 1 አይደለም። ወደዚህ ለመድረስ የሚያስፈልገው 32 ጊዜ በራስ እያባዙ ቀሪውን መያዝ ብቻ ነው፤ አድካሚ ቢሆንም በእጅ ይሠራል። አካፋዩን ሳያውቁ ብቸኛ አለመሆኑን በእርግጠኝነት ማወቅ ይቻላል ማለት ነው፤ ለሚቀጥለው ጥያቄ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ከእሱ በኋላ ያሉት የፌርማ ቁጥሮችስ? ብቸኛ የሆነ ተገኝቷል?

አንድም አልተገኘም። ቀጣዩ ባለ 20 አሃዙ 18,446,744,073,709,551,617 ነው፤ ፎርቱኔ ላንድሪ በ1880፣ በ82 ዓመቱ፣ 274,177 × 67,280,421,310,721 መሆኑን አገኘ። ሰባተኛው 39 አሃዞች አሉት፤ እሱን ለመበተን እስከ 1970 መጠበቅ ግድ ሆኗል፤ ማይክል ሞሪሰንና ጆን ብሪልሃርት በኮምፒውተር በተኑት። እስከ አሥራ አንደኛው ያሉት ሙሉ በሙሉ ተበትነዋል፤ ከአሥራ ሁለተኛው ጀምሮ ግን አንዳንድ አካፋዮች ቢታወቁም ሥራው አላለቀም።

ከአምስተኛው እስከ ሠላሳ ሁለተኛው ያሉት ሁሉ ብቸኛ አለመሆናቸው ተረጋግጧል። ከእነሱ ውስጥ ሃያኛውና ሃያ አራተኛው ለየት ይላሉ፤ በፔፓን ፈተና ስለወደቁ ብቸኛ አለመሆናቸው ያለ ጥርጥር ይታወቃል፣ ነገር ግን የሁለቱም አንድ አካፋይ እንኳ እስካሁን አልታወቀም። ብቸኛ ይሁን አይሁን ካልታወቁት የመጀመሪያው ሠላሳ ሦስተኛው ነው፤ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ አሃዞች ስላሉት የፔፓንን ፈተና በእሱ ላይ መፈጸም አሁን ካለው የኮምፒውተር አቅም በላይ ነው። የሚቻለው ኦይለር በ641 ላይ ያደረገውን ማድረግ ነው፤ በተገቢው መልክ ያሉ እጩ አካፋዮችን አንድ በአንድ እየወሰዱ ቀሪው ዜሮ የሚሆንበትን መፈለግ።